ገበቴ ያስገዛኝ ቶርኖ

የመጀመሪያው ቶርኖዬ፣ እንጨት እያሽከረከረ በመሮ የሚያስቀርጸኝ ማሽን፣ በእግሩ ሄዷል። እውነቴን ነው። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው ጋራዣችን ውስጥ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ እየተንቀጠቀጠ ካቆምኩበት ቦታ አንድ ክንድ ያህል ተራምዶ የራሱን ገመድ ከግድግዳው ነቀለ። ከዚያ ቆመ። ገመዱ ረዘም ያለ ቢሆን ኖሮ የት ይደርስ እንደነበር እንጃ።

ያን ቀን መማር ነበረብኝ። አልተማርኩም። 50 ፓውንድ የሚመዝን የአሸዋ ከረጢት አራት ገዝቼ እግሮቹ መሃል ጫንኩበትና በማግስቱ እንደገና አስነሣሁት። ቶርኖው አልሄደም። እንጨቱ ሄደ።

ጎረቤታችን ያስቆረጠው ሜፕል ነበር። እርጥብ ነው፤ ወደ 7 ኪሎ ይጠጋል፤ ስፋቱ 11 ኢንች። የማሽኑ ዝቅተኛ ፍጥነት በደቂቃ 750 ዙር ነው። ከዚያ በታች አይወርድም። በኋላ ቁጭ ብዬ ሳሰላው የእንጨቱ ጠርዝ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበር ነበር። እንጨቱን የያዙት ብሎኖች ደግሞ አጫጭር ናቸው። በትከሻዬ በኩል አልፎ የጋራዡን በር መታው። በሩ ላይ የቀረው ጎድጓዳ ምልክት ዛሬም አለ። ላስጠግነው ስል ባለቤቴ ከለከለችኝ። "ይኑር፤ ስትረሳ ታየዋለህ" አለች።

የፊት መከለያ አድርገህ ነበር ወይ ለሚል፣ አላደረግሁም። የፀሐይ መነጽር ነበር ያደረግሁት። ይህን ስጽፍ ራሱ አፍራለሁ።

ቶርኖ ምን ሊያደርግልህ ገዛህ ለሚለኝ ሰው መልሴ አንድ ገበቴ ነው። ደብረ ማርቆስ ልጆች ሆነን እናቴ ሊጥ የምታቦካበት ገበቴ ነበራት። አሁንም አላት። ከዋንዛ የተፈለፈለ ነው። አንድ ጎኑ ተሰንጥቆ በሽቦ ተሰፍቷል። ውስጡ ከስንት ዓመት እጅ የተነሣ እንደ ቆዳ ለስልሷል። እናቴ አዲስ አበባ እህቴ ቤት ልትገባ ስትነሣ አልጋውንም ቁም ሳጥኑንም ለሰው ሰጥታ፣ ገበቴውን ግን በነጠላ ጠቅልላ ይዛው መጣች።

እኔ ደግሞ 50 ዓመት ሊሞላኝ ሲል፣ እኩዮቼ ሩጫ ሲጀምሩ፣ እንደሱ ያለ ገበቴ በእጄ ካልሠራሁ አልኩ። እህቴ ጋ በቪዲዮ ደውዬ አስለካኋት። ሜትሩን ዘረጋችና "58" አለች።

"ሴንቲ ነው?"

"ታዲያ ኢንች ይሁን?"

58 ሴንቲ ወደ 23 ኢንች ይጠጋል። ይህ ቁጥር ሁለት ዓመት አሳበደኝ። ያ ገበቴ ቶርኖ የሚባል ነገር አይቶ እንደማያውቅ፣ ከግንድ በመጥረቢያ ተጠርቦ በእጅ ተፈልፍሎ እንደወጣ ጠፍቶኝ አይደለም። ግን ሰው አንዴ ቁጥር ከያዘ ይዟል።

አዲስ አበባ ለኖረ ሰው ቶርኖ ሲባል ቀድሞ የሚመጣለት የብረቱ ነው። ቃሉ የጣሊያን ነው፤ ከሞርሳው፣ ከካቻቢቴውና ከሰጋቱራው ጋር አብሮ የቀረልን። የእንጨቱም አለ። የአልጋ እግር፣ የወንበር እግር፣ የደረጃ መደገፊያ የሚወጣበት። እንጨቱ በሁለት ጫፉ ይያዛል፣ ይሽከረከራል፣ በመሮ ይቀረጻል።

ጎድጓዳ ሳህን ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ለአልጋ እግር የሚያስፈልገው ርዝመት ነው። ለሳህን ስፋት። ሳህን ውስጡ ሲወጣ የሚያዘው በአንድ ጎኑ ብቻ ነው፤ ሌላው ጎን አንተ መሮህን ይዘህ የምትገባበት ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ ማስታወቂያ ላይ "40 ኢንች ርዝመት" የሚለውን አይቼ ቋመጥኩ። በ250 ዶላር ያገለገለ ማሽን ገዛሁ። ከሐዲዱ፣ እንጨቱ በላዩ ከሚዞርበት ረጅም ብረት፣ 30 ኢንች የሚሆነው፣ ማሽኑን እስከሸጥኩበት ቀን ድረስ፣ የቡና ስኒ ማስቀመጫ ነበር።

ስፋቱን ሻጮች በአንድ ቁጥር ይጠሩታል። 10፣ 12፣ 16፣ 20 ኢንች። ሐዲዱን ሳይነካ ሊዞር የሚችለው ትልቁ ክብ ማለት ነው። 12 ከተባለ 12 ኢንች እንጨት ይዞራል፤ በወረቀት። እርጥብ ግንድ በሞተር መጋዝ ሲቆረጥ ግን ልክ እንደ ምጣድ ክብ ሆኖ አይወጣም። አንዱ ጥግ ወጣ ይላል፣ ዞሮ ሐዲዱን ይገጫል። ከተነገራችሁ ላይ አንድ ኢንች፣ አንድ ኢንች ተኩል ቀንሱ።

በሩ ከተመታ በኋላ ባለቤቴ "ወይ ሰው ጠይቅ፣ ወይ ሽጠው" አለች። ጠየቅሁ። አሜሪካኖች ለዚህም ማኅበር አላቸው። በ1986 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ፣ ዋና ቢሮው ሚኒሶታ ሴንት ፖል የሆነ የእንጨት ቶርኖ ሠራተኞች ማኅበር። በየአካባቢው ቅርንጫፍ አለው። የኛ ሰፈሩ በወር አንዴ ይሰበሰባል። አብዛኛው ጡረተኛ ነው። እድሩን ቁጭ! ልዩነቱ ድንኳንና ንፍሮ የለም፤ ሁሉም የሠራውን ሳህን ይዞ መጥቶ ጠረጴዛ ላይ ይደረድራል።

እዚያ አንድ የሂሳብ መምህር የነበሩ ሽማግሌ አገኘሁ። የበሩን ታሪክ ስነግራቸው አልሳቁም። ከኪሳቸው እርሳስ አውጥተው ካርቶን ላይ ጻፉ። የእንጨቱን ስፋት በኢንች ለክተህ በደቂቃ ዙሩ አባዛ። ውጤቱ ከ6000 እስከ 9000 ባለው ውስጥ ይሁን። 10 ኢንች ከሆነ ከ600 እስከ 900 ዙር። 12 ከሆነ ከ500 እስከ 750።

እኔ ፈጠን ብዬ በጭንቅላቴ አባዛሁ። 11 ጊዜ 750፣ 8250። "ታዲያ ልክ ነበርኩ!" አልኳቸው።

ያኔ ሳቁ። ደንቡ ክብ ለሆነ፣ ለተመጣጠነ እንጨት ነው። አንድ ጎኑ ቅርፊት፣ አንድ ጎኑ ከባድ የሆነ ግንድ የዚያን ግማሽ አይችልም። ከ200 ወይም ከ250 ተነሥቶ፣ ማሽኑ መንቀጥቀጥ ሲጀምር መለስ እያሉ፣ ክብ እየሆነ ሲሄድ ቀስ እያሉ መጨመር ነው። "ሻጩ 3600 ዙር ይሄዳል ሲልህ፣ ጥሩ ነው በለውና ዝቅተኛው ስንት ነው ብለህ ጠይቅ" አሉኝ። 3600 ለእስክሪብቶ ለሚሠሩ ሰዎች ነው። ሳህን የሚሠራ ሰው ከታች በኩል ነው የሚገዛው።

እኔ በሁለት ዓመት ውስጥ ካነበብኩት ሁሉ የበለጠ ያቺ የካርቶን ቁራጭ ጠቀመችኝ። ዛሬም ግድግዳው ላይ ናት፣ ሰጋቱራ ለብሳ።

ፍጥነት የሚቀየርበት መንገድ ሁለት ነው። አንዱ በቺንጋና በፑሊ። ማሽኑን ታጠፋለህ፣ ክዳኑን ትከፍታለህ፣ ቺንጋውን ከአንዱ ፑሊ ወደ ሌላው ታዛውራለህ። ወፍጮ ቤት አጠገብ ያደገ ሰው አይጠፋውም። ሌላው እንደ ሬዲዮ ድምፅ በእጅ የሚጠመዘዝ ነው። ለአልጋ እግር የመጀመሪያው ይበቃል። ለሳህን ግን እንጨቱ በየደቂቃው ጠባዩን ይቀይራልና ሁለተኛው ዋጋው ቢወደድም ይሻላል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። የሚጠመዘዘውም ቢሆን ከውስጥ ሁለት ሦስት የቺንጋ ቦታ አለው። ቺንጋውን በፈጣኑ ላይ ትቶ ቁልፉን ብቻ ዝቅ አድርጎ ትልቅ ሳህን መፈልፈል የዓባይን በረሃ በአራተኛ ማርሽ እንደመውጣት ነው። ሞተሩ ያቃስታል፣ እንጨቱ መሮውን ይዞ ይቆማል። ደብረ ማርቆስ ተወልጄ ይህን ሰው እስኪነግረኝ መጠበቄ!

ቀጥሎ ክብደት። እዚህ ላይ ለየት ያለ ሐሳብ አለኝ። ሰው ሁሉ የፈረስ ጉልበት ይጠይቃል፤ እኔ ኪሎ እጠይቃለሁ። አንድ የፈረስ ጉልበት ያለው ከባድ ማሽን፣ ሁለት የፈረስ ጉልበት ካለው ቀላል ማሽን ይልቅ ለሳህን ይመቻል። የሚንቀጠቀጥ ማሽን ላይ ስለት አይቀመጥም። መሮው ይዘላል፣ እንጨቱ ላይ እንደ መሰላል የተደረደረ ጭረት ይቀራል፣ ያንን በብርጭቆ ወረቀት ስትፈትግ ቀኑ ይመሻል። የአሸዋ ከረጢት ይረዳል። ግን ቀጭን እግር ላይ አሸዋ መጫን ከሲታ በሬ ላይ ድርብ ጭነት እንደመጫን ነው፤ ክብደቱ አለ፣ አጥንቱ የለም።

እንግዲህ ሁለተኛውን ልገዛ ስነሣ ዓይኔ ያረፈው ሰናፍጭ በሚመስለው ቢጫ ማሽን ላይ ነበር። ፓወርማቲክ 3520። ስሙ ውስጥ ያለው 20 ስፋቱ ነው፣ 20 ኢንች። ክብደቱ ከ300 ኪሎ በላይ። የማኅበሩ ሰዎች ስለሱ ሲያወሩ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። በሌላ ጫፍ ጄት 1221 የሚባለው ትንሹ አለ፤ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ 12 ኢንች ተኩል የሚያዞር፣ ከ60 ዙር ጀምሮ እስከ 3600 የሚሄድ። ኖቫ የሚባሉት የኒውዚላንዶች ደግሞ ጨርሶ ቺንጋ የሌለው ማሽን አላቸው፤ ሞተሩ ራሱ ዘንጉ ላይ ነው። ሁሉንም ሄጄ ነካኋቸው። ከገበቴው ቁጥር ጋር የሚሄድ ግን የለም። ለ23 ኢንች፣ 24 ኢንች የሚያዞር ያስፈልጋል። እሱም አለ። ዋጋው ያገለገለ መኪና ነው።

ለሽማግሌው ነገርኳቸው። "ብቻህን ስንት ኪሎ ታነሣለህ?" አሉኝ።

"25፣ 30..."

እርሳሷ እንደገና ወጣች። ስፋቱ 24 ኢንች፣ ውፍረቱ 6 ኢንች የሆነ እርጥብ እንጨት 40 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ያንን ደረትህ ድረስ አንሥተህ፣ በአንድ እጅ ይዘህ፣ በሌላው ታጠብቃለህ። በዓመት ስንቴ? ደግሞስ እንደዚያ የሚሰፋ ግንድ ማን ይሰጥሃል? ከዚያ ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ።

በመጨረሻ 16 ኢንች ገዛሁ። ያገለገለ፣ ሁለት የፈረስ ጉልበት፣ ክብደቱ ወደ 200 ኪሎ። ስሙን አልጠራውም፤ ማስታወቂያ ይመስላል። እሱም ረጅም ነው፤ ነገር ግን ሞተሩ ያለበት ጭንቅላት በሐዲዱ ላይ ይንሸራተታል። ወደ ጫፍ አምጥቼው ከፊት ለፊት ቆሜ እሠራለሁ። ሐዲዱ ላይ ጎንበስ ብሎ የሳህን ውስጥ ማውጣት ለወገብ ጠላት ነው። ከ50 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ይቺ መንሸራተት ብቻዋን ዋጋዋን ታወጣለች።

ኤሌክትሪኩ ላይ አንድ ሳምንት አሰብኩ። እዚህ አገር የግድግዳው መብራት 120 ቮልት ነው። ትልልቆቹ ቶርኖዎች 220 ይፈልጋሉ፤ ልዩ መስመር ማስገባት ግድ ነው። ሰው ይህን ሲሰማ ይሸሻል። እኔን ግን ያቺው 220 ሳበችኝ። መቼም ሁላችንም አንድ ቀን ጠቅልዬ እገባለሁ እንላለን። ብገባ ማሽኑን ይዤ ነው የምገባው። ኢትዮጵያ 220 ቮልት፣ 50 ሄርዝ ናት። አሜሪካ 60 ሄርዝ። ሄርዝ ማለት መብራቱ በሰከንድ ስንቴ እንደሚመላለስ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀይራል እንጂ ሄርዙን አይነካም። ስለዚህ ከዚህ የሄደ ተራ ሞተር እዚያ ከፍጥነቱ አንድ ስድስተኛውን ያጣል፣ ይግላልም። ፍጥነቱ በኤሌክትሮኒክስ የሚቀየረው ግን ብዙውን ጊዜ የሚመጣለትን መብራት መጀመሪያ አፍርሶ እንደገና ራሱ ነው የሚሠራው፤ 50 ይምጣ 60 ግድ የለውም። ማሽኑ ጀርባ ላይ የተለጠፈችውን ጽሑፍ ጎንበስ ብዬ በስልክ መብራት አነበብኩ። 50/60 ይላል። እዚያው ተጨባበጥን። ሻጩ ሌላ ነገር ሳላይ ለምን እንደተስማማሁ እስካሁን አያውቅም።

መብራት እየመጣ እየሄደስ? ያንን እዚያ ስንደርስ።

ቤት ገብቶ ሲቆም ደግሞ ረጅም ሆነብኝ። የሚሽከረከረው ዘንግ መሃል ከክርን ጋር እኩል መሆን አለበት ይባላል። የኔ ክርን ከመሬት 104 ሴንቲ ነው። ማሽኑ 112። የተሠራው ለነሱ ቁመት ነው። ከእንጨት መቆሚያ ሠራሁ። ልጄ "አባዬ መድረክ ላይ ወጣ" እያለች ትቀልድብኛለች።

ከማሽኑ ሌላ የሚያስፈልገውን በዝርዝር አልሄድበትም። እንጨቱን አንቆ የሚይዘው ባለ አራት መንጋጋ መያዣ አለ፣ ጎድጓዳ መሮ አለ፣ የፊት መከለያ አለ (አሁን አለኝ)። ከሁሉም የሚረሳው መሳያው ነው። ሥጋ ቤት ቆራጩን አይታችሁታል? ሁለት ሦስቴ ይቆርጥና ቢላዋውን ሞረዱ ላይ ያፋጨዋል። እንደዚያ ነው። ስለት ያለው መሮ እርጥብ እንጨት ላይ ሲገባ ፍቅፋቂው እንደ ረጅም ሪባን ትከሻ ላይ ይወርዳል፣ ድምፁም ሹክሹክታ ነው። የደነዘዘ ከሆነ ዱቄት ይረጫል። እኔ ለማሽኑ ያወጣሁትን ያህል ለነዚህ አወጣሁ። ስለዚህ ኪሳችሁ ውስጥ ያለውን ሁሉ ቶርኖው ላይ አትጨርሱ።

እንጨት ግን አይገዛም። ሜሪላንድ ውስጥ ዛፍ የማይወድቅበት ሳምንት የለም። አሽ የሚባለውን ዛፍ ከእስያ የመጣ አረንጓዴ ጥንዚዛ እየጨረሰው ነው። ሚሺጋን ውስጥ በ2002 እ.ኤ.አ. ነው የታየው፤ በዓመቱ እዚህም ደረሰ። ዛፍ ቆራጮች ግንዱን ውሰድልን ብለው ይለምናሉ። መጀመሪያ አካባቢ ከሥራ ስመለስ የኋላ ወንበር ላይ ግንድ ያላስተኛሁበት ቀን አልነበረም።

ችግሩ ትዕግሥት ነው። እርጥቡ ሳህን መጀመሪያ በሻካራው ወፍራም ተደርጎ ይወጣል፤ የግድግዳው ውፍረት ከስፋቱ አንድ አሥረኛ ያህል። ከዚያ ሰም ይቀባና ስድስት ወር፣ ዓመት ይቀመጣል። ሲደርቅ ይጣመማል። ያኔ እንደገና ቶርኖው ላይ ይወጣና ክብ ይደረጋል። የሚጣመመው እንጨት በዓመት ቀለበቱ ዙሪያ የሚሸማቀቀው ወደ እምብርቱ ከሚሸማቀቀው እጥፍ ገደማ ስለሆነ ነው። ለመጨረሻ ተልባ ዘይት እቀባዋለሁ። ለጨጓራ የምንጠጣው ተልባ እኮ ነው! ዘይቱ አየር ሲያገኝ ይደርቃል፣ ይጠነክራል። የተቀባበትን ጨርቅ ጨብጣችሁ ቆሻሻ ውስጥ እንዳትጥሉ ብቻ። እየደረቀ ይግልና በራሱ ይነዳል። ዘርግቶ ውጭ ማስጣት ነው።

ለእናቴ ከቼሪ እንጨት አንድ ሠራሁላት። 25 ሴንቲ። ነሐሴ ላይ ነው የጨረስኩት። ለጉዞ ቸኩዬ ስለነበር አራት ወር ብቻ ነው ያደረቅሁት። ጥር ላይ ይዤላት ገባሁ።

ተቀበለችኝ። ገለበጠችው። በጣቷ ቂጡን መታ መታ አድርጋ ድምፁን ሰማች። ለረጅም ጊዜ ዝም ካለች በኋላ፣

"ይሄ ምን ያቦካል?" አለች።

"ለቆሎ ነው እማዬ።"

"ክዳኑስ?"

ክዳን አልሠራሁም። ሜሪላንድ ተመልሼ ክዳኑን ልጀምር ስል ልኩን አልያዝኩም። እህቴ ጋ ደወልኩ። ሜትሩን አምጥታ ለካች።

"25" አለች። ከዚያ አፏ ላይ አዙራ እንደገና ለካች። "ቆይ፣ በዚህ በኩል 24 ከ6 ነው። የቱ ነው ልክ?"

"ሁለቱም" አልኳት። ጥር ነው፣ የአዲስ አበባ አየር ደረቅ ነው፣ እንጨቱም አልደረሰም ነበር። ደረቀ፣ ሞላላ ሆነ። ለሞላላ አፍ ክብ ክዳን አይገጥምም። ይህን ለእህቴ ሳስረዳት አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

"ስሚ፣ ያን ገበቴ በሌላ በኩል ለክተሽው ነበር?"

"አንድ ጊዜ ብቻ ነው የለካሁት፤ አንተ መቼ ጠየቅኸኝ?"

ሊጥ ነበረበት። እናቴ ከጓዳ "ምንድን ነው እሱ ደግሞ!" ስትል ይሰማኛል። እህቴ ስልኩን የዱቄት ጣሳ ላይ አስደግፋ ሜትሩን በሊጡ ላይ ዘረጋችው።

"51።"